ለግል ነፃነት የሚስማማ የአሜሪካ ስቴት አመራረጥ

«ከሁሉም ነፃ የሆነው ስቴት የቱ ነው?» ለሚለው ጥያቄ የደረጃ ሰንጠረዥ ሞልቷል። ብዙውን ጊዜ ኒው ሃምፕሻየርና ፍሎሪዳ ከላይ፣ ኒው ዮርክና ካሊፎርኒያ ከታች ይቀመጣሉ። ሰንጠረዡ ሐሰት አይደለም። ችግሩ ታክሱንም፣ ጠመንጃውንም፣ መጠጡንም፣ ትምህርት ቤቱንም ደምሮ አንድ ቁጥር ማድረጉ ነው። ጠመንጃ መያዝ ለማይፈልግ ሰው የዚያ ቁጥር አንዱ ክፍል ባዶ ነው። ሹሩባ እየሠራች ለምትተዳደር ሴት ደግሞ ኑሮዋን የሚወስነው የሙያ ፈቃድ ከብዙ መስመሮች መካከል አንዱ ሆኖ ይቀርባል።

ስለዚህ ከካርታው በፊት ወረቀት ያውጡ። በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ሊሠሯቸው ያሰቧቸውን፣ ግን አንድ አካል «አይቻልም» ወይም «ፈቃድ አምጣ» ሊልባቸው የሚችሉ ነገሮችን ይጻፉ። ለምሳሌ ቤዝመንት ማከራየት፣ ከቤት ጋግሮ መሸጥ፣ ልጅን ቤት ማስተማር፣ ከአሠሪ ወጥቶ የራስን ድርጅት መክፈት፣ መኪና መንዳት። ከእያንዳንዱ ጎን የሚወስነው ማን እንደሆነ ያስቀምጡ፦ ፌዴራል፣ ስቴት፣ ካውንቲ ወይም ከተማ፣ አሠሪ፣ ወይም ኤችኦኤ የሚባለው የሰፈር ቤት ባለቤቶች ማኅበር። ፌዴራል የሚወስነውን ይሰርዙ፤ ስቴት ቢቀይሩም አብሮዎት ይሄዳል። የመናገር፣ የማምለክና የመሰብሰብ መብት በሕገ መንግሥቱ የተያዘ ስለሆነ ለእሱ ብሎ ዕቃ መጫን አያስፈልግም። የቀረው ዝርዝር ነው የእርስዎ ሰንጠረዥ።

ታክስ

እስከ 2025 ድረስ ከደመወዝ ላይ የስቴት ኢንካም ታክስ የማይቆርጡት 9 ናቸው፦ አላስካ፣ ፍሎሪዳ፣ ኔቫዳ፣ ኒው ሃምፕሻየር፣ ሳውዝ ዳኮታ፣ ቴነሲ፣ ቴክሳስ፣ ዋሽንግተንና ዋዮሚንግ። በስቴት ደረጃ ሴልስ ታክስ የሌላቸው ደግሞ 5፦ አላስካ፣ ዴላዌር፣ ሞንታና፣ ኒው ሃምፕሻየርና ኦሪገን። በሁለቱም ዝርዝር ውስጥ ያሉት አላስካና ኒው ሃምፕሻየር ብቻ ናቸው፤ አላስካም ውስጥ ቢሆን ከተሞች የራሳቸውን ሴልስ ታክስ መጣል ይችላሉ።

የትኛውም ስቴት ግን ያለ ገቢ አያድርም። ከደመወዝ ያልወሰደውን ከቤትዎ ወይም ከገበያ ቅርጫትዎ ይወስዳል። በቴክሳስ ትልልቅ ከተሞች ፕሮፐርቲ ታክስ በዓመት ከቤቱ ዋጋ ከ1.5 እስከ 2 በመቶ ይደርሳል፤ በ400 ሺህ ዶላር ቤት ላይ ከ6 ሺህ እስከ 8 ሺህ ዶላር ማለት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በዓመት 90 ሺህ ዶላር የሚያገኙ ባልና ሚስት ለስቴቱ ወደ 3,800 ዶላር ኢንካም ታክስ ይከፍላሉ፤ ፕሮፐርቲ ታክሱ 1 በመቶ አካባቢ ከሆነ በዚያው ዋጋ ቤት ላይ 4 ሺህ ይጨመራል። ድምሩ ከቴክሳሱ ብዙ አይርቅም። ገቢዎ 300 ሺህ ሲሆን ሚዛኑ ወደ ቴክሳስ ያጋድላል፤ ካሊፎርኒያማ ከፍተኛው እርከን 13.3 በመቶ ነው። ጡረታ ወጥቶ ቤቱን ከፍሎ ለጨረሰ ሰው ግን «ኢንካም ታክስ የለም» የሚለው ማስታወቂያ ብዙም ትርጉም ላይኖረው ይችላል። ተከራይም ቢሆኑ ፕሮፐርቲ ታክሱ በኪራዩ ውስጥ ተደብቆ ይደርስዎታል።

ቴክሳስ ቤት ከገዙ ሆምስቴድ የሚባለውን ቅናሽ ወዲያው ያመልክቱ፤ ቅናሹ ራሱ አይመጣም። የቤቱ ግምት ከፍ ያለ ከመሰለዎት አቤቱታ የሚቀርበው በአብዛኛው እስከ ሜይ 15 ነው።

ድንበር ላይ የሚኖሩ ሰዎች የሚሳሳቱት ሌላ ነው። በዋሽንግተን ስቴቷ ቫንኩቨር ቤት ይዞ ወንዙን ተሻግሮ ፖርትላንድ የሚሠራ ሰው ለኦሪገን ኢንካም ታክስ ይከፍላል። ያለ ሴልስ ታክስ ኦሪገን የገዛውን መኪና ቫንኩቨር ሊያስመዘግብ ሲመጣ ደግሞ ዋሽንግተን ያልተከፈለውን ሴልስ ታክስ የሚተካ ዩዝ ታክስ ብላ ትጠይቀዋለች። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ መካከል ግን ስምምነት አለ፤ ደመወዝተኛ ታክስ የሚከፍለው ለሚኖርበት ነው።

ሥራ

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ፤ ስቴቶች በጣም የሚለያዩት በዚህ ነው። ቴክሳስ በ2015 ሹሩባ ለመሥራት የሚጠየቀውን የስቴት ፈቃድ አንስታለች፤ ኒው ዮርክ ለዚያው ሥራ ፈቃድ ትጠይቃለች። አሪዞና በ2019 በሌላ ስቴት ቢያንስ አንድ ዓመት የያዙትን የሙያ ፈቃድ የሚቀበል አጠቃላይ ሕግ በማውጣት የመጀመሪያዋ ሆናለች፤ ሌሎች ስቴቶችም ተከትለዋታል። ይህ ለነርስም፣ ለኤሌክትሪሺያንም፣ ለፀጉር ሠሪም ይረዳል። ከአገር ቤት የመጣን ዲግሪ ወይም ፈቃድ ግን አይጨምርም።

ከቤት ምግብ መሸጥን በተመለከተ ዋዮሚንግ ከ2015 ጀምሮ ያለ ፈቃድና ያለ ምርመራ በቀጥታ ለተጠቃሚው መሸጥ ትፈቅዳለች፤ ማቀዝቀዣ የሚፈልገውን ብዙውን ምግብ ጭምር፣ ሥጋ ላይ ገደብ ቢኖርም። ኒው ጀርሲ በሌላው ጫፍ ናት። ዳቦና ኬክ ከቤት ጋግሮ መሸጥን ከሁሉም ዘግይታ የፈቀደችው በ2021 ነው። በአብዛኞቹ ስቴቶች ደረቅ የተጋገረ ነገር ይፈቀዳል፣ ወጥ አይፈቀድም፤ እንጀራ መሐል ላይ ይወድቃል። የተቦካና እርጥብ ስለሆነ አንዱ ጤና ቢሮ ዳቦ ነው ብሎ ሊያሳልፈው፣ ሌላው ሊያስቆመው ይችላል። ከመጀመርዎ በፊት የካውንቲውን ጤና ቢሮ በኢሜይል ይጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ይያዙ። በስልክ «ይቻላል» ያለዎት ሠራተኛ ተቆጣጣሪው በር ሲያንኳኳ አይገኝም።

ከአሠሪዎ ወጥተው በዚያው ሙያ ለመሥራት ካሰቡ ኖንኮምፒት የሚባለውን፣ ከለቀቁ በኋላ ከአሠሪዎ ጋር እንዳይወዳደሩ የሚከለክለውን ውል ይመልከቱ። ካሊፎርኒያ፣ ኖርዝ ዳኮታና ኦክላሆማ በአጠቃላይ አይቀበሉትም፤ ሚኒሶታ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ወዲህ የተፈረመውን አግዳለች። በነፃነት ሰንጠረዥ ላይ ከፊት የምትሰለፈው ፍሎሪዳ በዚህ ጉዳይ አሠሪውን ነው የምትደግፈው። ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ መባረርን በተመለከተም ሞንታና ብቻዋን ናት፤ በ1987 ባወጣችው ሕግ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ያለ በቂ ምክንያት አይባረርም። በሌሎቹ 49 ስቴቶች ውል ወይም ዩኒየን ከሌለዎት አሠሪው ምክንያት እንዲሰጥ በጥቅሉ አይገደድም።

ሥራ ለቆ የራስን ሥራ ለመጀመር ደግሞ የጤና ኢንሹራንስ ማሰሪያ ይሆናል። ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳ፣ ጆርጂያ፣ ቴነሲ፣ አላባማ፣ ሚሲሲፒ፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ ካንሳስ፣ ዊስኮንሲንና ዋዮሚንግ ሜዲኬይድን፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ ለተጨማሪ ጎልማሶች አላስፋፉም። ቴክሳስ ውስጥ ልጅ የሌለውና አካል ጉዳተኛ ያልሆነ ጎልማሳ ገቢው ዜሮ ቢሆንም ሜዲኬይድ አያገኝም።

ቤትና ሰፈር

ስቴት መርጠው ሲያበቁ ነፃነትዎን በየቀኑ የሚነካው ስቴቱ ሳይሆን ኤችኦኤው መሆኑን ብዙ ሰው የሚያውቀው ከፈረመ በኋላ ነው። የበሩን ቀለም፣ ግቢ ውስጥ የሚቆመውን የታክሲ ወይም የጭነት መኪና፣ የሣሩን ቁመት፣ ቤቱን ማከራየት መቻልዎን ይወስናል። መዋጮውን ካልከፈሉ ቤቱን እስከ ማሸጥ ይደርሳል፤ ቴክሳስ ውስጥ ለቅጣት ብቻ ብሎ መሸጥ ባይችልም ባልተከፈለ መዋጮ ይችላል።

ለቤቱ ኦፈር ሲያስገቡ ሪልተሩ ሲሲአር የሚባለውን የማኅበሩን ደንብ፣ የሁለት ዓመት ቃለ ጉባኤና የመጠባበቂያ ሒሳቡን እንዲያመጣ ያድርጉ። ደንቡ ውስጥ ስለ ኪራይ፣ ስለ ንግድ መኪና፣ ስለ እንግዳ ፓርኪንግና ስለ ቤት ውስጥ ሥራ የሚሉትን አንቀጾች ይፈልጉ። ቃለ ጉባኤው የበለጠ ይናገራል። ስለ ጎረቤት የቆሻሻ መጣያ ሦስት ስብሰባ ሙሉ የተከራከረ ማኅበር ምን እንደሚጠብቅዎት አስቀድሞ ነግሮዎታል።

ዲሽ ላይ ግን ማኅበሩም አከራዩም እጃቸው ታስሯል። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1996 ባወጣው ደንብ መሠረት ስፋቱ እስከ 1 ሜትር የሆነ ዲሽ ለብቻዎ በሚጠቀሙበት በረንዳ ወይም ግቢ ላይ ማቆም ይችላሉ። የጋራ ጣሪያውን ወይም የሕንፃውን የውጭ ግድግዳ መብሳት ግን መብቱ ውስጥ የለም። በባልዲ ሲሚንቶ ላይ በተተከለ ምሰሶ በረንዳው ውስጥ የቆመ ዲሽ ብዙ ጊዜ ከክርክር ያድናል።

ሂውስተን ዞኒንግ፣ ማለትም የትኛው ቦታ ለመኖሪያ፣ የትኛው ለንግድ እንደሚሆን የሚለይ የከተማ ደንብ፣ የላትም፤ ይህ ማለት ቤትዎን ሱቅ ያደርጉታል ማለት አይደለም። ብዙ ሰፈር በመሬቱ ሰነድ ላይ የተጻፈ ገደብ አለው፤ ገደቡንም ከተማው ራሱ ያስከብረዋል።

ዜጋ ላልሆነ ሰው

ይህ ክፍል ከሁሉም በላይ አደጋ ያለበት ነው። 24 ስቴቶች ማሪዋናን ለመዝናኛ ፈቅደዋል፤ በፌዴራል ሕግ ግን የተከለከለ ነው፣ ኢሚግሬሽንም የሚከተለው የፌዴራሉን ነው። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በ2019 በግልጽ እንዳስቀመጠው በተፈቀደበት ስቴት ውስጥ መጠቀም፣ አልፎም በማሪዋና ንግድ ውስጥ ተቀጥሮ መሥራት፣ የዜግነት ማመልከቻን ሊያስጥል ይችላል። ዜግነት እስኪያገኙ ድረስ ከዝርዝርዎ ያውጡት።

ጠመንጃም እንዲሁ ነው። 29 ስቴቶች ያለ ፈቃድ ደብቆ መያዝን ፈቅደዋል። በቪዛ ያለ ወይም ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው ግን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ መያዙ ራሱ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ግሪን ካርድ ያለው ይችላል። የፔንሲልቬንያ የመያዣ ፈቃድ ይዞ ድልድዩን ተሻግሮ ኒው ጀርሲ መግባትም ያሳስራል፤ ኒው ጀርሲ የማንኛውንም ሌላ ስቴት ፈቃድ አትቀበልም።

መንጃ ፈቃድ በ19 ስቴቶችና በዲሲ የኢሚግሬሽን ሁኔታ ሳይጠየቅ ይሰጣል፤ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሎራዶ፣ ዋሽንግተንና ኔቫዳ ይገኙበታል። ፍሎሪዳ በ2023 ባወጣችው ሕግ ሰነድ ለሌላቸው ብቻ ተለይቶ የሚሰጠውን የአንዳንድ ስቴቶች ፈቃድ አትቀበልም። ቴክሳስ በ2017፣ ፍሎሪዳ በ2019 የአካባቢ ፖሊስ ከኢሚግሬሽን ጋር እንዲተባበር አስገድደዋል፤ ካሊፎርኒያና ኢሊኖይ በ2017 ባወጧቸው ሕጎች ያንን ትብብር ገድበዋል። ጉዳዩ ያላለቀለት ቤተሰብ ካለዎት ይህ ከታክሱ ይቅደም።

ጥሬ ገንዘብ

እቁብ የደረሰው ሰው 20 ሺህ ዶላር በቦርሳ ይዞ ሊነዳ ይችላል። በብዙ ስቴቶች ፖሊስ ገንዘቡን በጥርጣሬ ብቻ ይዞ፣ እርስዎን ሳይከስ፣ በፍርድ ቤት ሊወርሰው ይችላል። ኒው ሜክሲኮ በ2015፣ ነብራስካ በ2016፣ ሜይን በ2021 ይህንን አስቀርተዋል። ቀዳዳው በፌዴራል በኩል ነው፤ ጉዳዩ ለፌዴራል ከተላለፈ ለአካባቢው ፖሊስ እስከ 80 በመቶ ሊመለስለት ይችላል። ስለዚህ የትም ይሁኑ የት የአባላቱን ስም ዝርዝርና ተራውን የሚያሳይ ወረቀት አብረው ይያዙ። ባንክ ሲያስገቡም እንዳለ ያስገቡ። ከ10 ሺህ በላይ ሲሆን ባንኩ ሪፖርት ያደርጋል፤ ሪፖርቱ ጉዳት የለውም። ሪፖርቱን ሽሽት 9 ሺህ፣ 9 ሺህ እያሉ መከፋፈል ግን ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም በራሱ ወንጀል ነው።

ልጆች

ቴክሳስ ቤት ውስጥ ለማስተማር ማሳወቂያም ምዝገባም አትጠይቅም። ኒው ዮርክ የማሳወቂያ ደብዳቤ፣ የትምህርት ዕቅድ፣ በዓመት አራት ሪፖርትና የዓመት መጨረሻ ምዘና ትፈልጋለች። አሪዞና በ2022 ለግል ትምህርት ቤት ወይም ለቤት ትምህርት የሚውል የስቴት ገንዘብ ለሁሉም ተማሪ ከፍታለች። በሃይማኖት ምክንያት ከክትባት ነፃ መሆን በካሊፎርኒያ፣ በኒው ዮርክ፣ በኮኔቲከትና በሜይን ትምህርት ቤቶች ተቀባይነት የለውም።

ኒው ሃምፕሻየር

ነፃነት ፈላጊዎች በተደራጀ መንገድ የተሰበሰቡባት ስቴት ናት። በ2001 የተጀመረው የፍሪ ስቴት ንቅናቄ በ2003 መርጧታል። ለአዋቂ ሰው የመቀመጫ ቀበቶ ግዴታ የሌለባት ብቸኛዋ ስቴት ነች። ምክር ቤቷ 400 አባላት ስላሉት እንደራሴዎን ገበያ ላይ ሊያገኙት ይችላሉ። በሌላ በኩል ጠንካራ መጠጥ በጠርሙስ የሚሸጠው በስቴቱ መደብር ነው፣ ፕሮፐርቲ ታክሷም ከከባዶቹ አንዱ ነው። አበሻ ሰፈር፣ ቤተ ክርስቲያንና ሐበሻ ሱቅ ፈልጎ ለሚኖር ሰው ደግሞ ቦስተን ድረስ መንዳት ይከተላል።

መዛወር

ከተስማማዎት ስቴት ውስጥ ሁለት ዚፕ ኮድ ይምረጡና ከመሄድዎ በፊት በእነዚያው አድራሻዎች የመኪናና የቤት ኢንሹራንስ ዋጋ ያስወጡ፤ ፍሎሪዳ ላይ ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ነው። ከተቻለ የስድስት ወር ኪራይ ይቅደም።

ከደረሱ በኋላ ዜጋ ካልሆኑ ኤአር-11 የሚባለውን የአድራሻ ቅጽ በ10 ቀን ውስጥ ይላኩ። ቴክሳስ መኪናውን በ30 ቀን፣ መንጃ ፈቃዱን በ90 ቀን ውስጥ እንዲቀይሩ ትጠብቃለች፤ ካሊፎርኒያ መኪናውን በ20፣ ፈቃዱን በ10 ቀን። ኒው ዮርክን ለቀው አፓርታማዎን ካላስረከቡና በዓመት ከ183 ቀን በላይ እዚያ ከተገኙ አሁንም እንደ ነዋሪ ታክስ ትጠይቃለች፤ ለኒው ዮርክ ድርጅት ከቤትዎ ሆነው የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ከቤት የሚሠሩት አሠሪው ስላስፈለገው ሳይሆን ለእርስዎ ስለተመቸ ነው ብላ ደመወዙን ልትቀርጥ ትችላለች። በዋዮሚንግ ኤልኤልሲ የሚባለውን የድርጅት ዓይነት ከፍተው ሥራውን ካሊፎርኒያ ቢሠሩ ካሊፎርኒያ ተመዝገቡ ብላ በዓመት ቢያንስ 800 ዶላር ትወስዳለች። ኤን-400 የሚባለውን የዜግነት ማመልከቻ ለማስገባት ደግሞ በአዲሱ ስቴት ቢያንስ 3 ወር መኖር ስለሚጠበቅ፣ ጊዜው የደረሰለት ሰው አስገብቶ ቢዛወርና አድራሻውን ቢያሳውቅ ይሻለዋል።