ከደሴና ከኮምቦልቻ ኦንታሪዮ ለምትገቡ፦ የግል መርማሪ ፈተናና ፈቃድ

ደሴ ፒያሳ ቡና ላይ የተወራ ወሬ ቶሮንቶ ድረስ ተከትሎ ይመጣል። «የዲቴክቲቭ ላይሰንስ በሁለት ሳምንት ይወጣል አሉ፣ እውነት ነው?» የማይል አዲስ መጪ የለም። ፈቃዱ አለ፣ ይወጣልም። አወራሩ ግን ልክ አይደለም። እዚህ የተጻፈው ስለ ኦንታሪዮ ብቻ ነው፤ ካናዳ ውስጥ ይህን ፈቃድ እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር በራሱ ሕግ ስለሚሰጥ ካልጋሪ ያለው የአጎታችሁ ልጅ የነገራችሁን እዚህ አታምጡት።

ዕድሜያችሁ 18 መሙላት አለበት፣ ካናዳ ውስጥ ለመሥራት ሕጋዊ መብት ሊኖራችሁ ይገባል (ፒአር፣ ማለትም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያልደረሰለት ወርክ ፐርሚት ይበቃዋል)፣ ሕጉ በዘረዘራቸው ወንጀሎች የተፈረደበትም አይሆንም። ከዚያ ስልጠና፣ ፈተና፣ ማመልከቻ። ከመርማሪው ፈቃድ ጎን የጥበቃ (ሴኪዩሪቲ ጋርድ) ፈቃድም አለ። ለጥበቃ ስልጠናው 40 ሰዓት ነው፤ ከዚህ ውስጥ 6 ሰዓት ተኩሉ የመጀመሪያ ርዳታ ነው። ለግል መርማሪ 50 ሰዓት ነው። ሁለቱ ለየብቻ ናቸው፦ የጥበቃን ፈተና ያለፈ መርማሪ አይሆንም፣ መርማሪውም በዚያ ካርድ በር ላይ መቆም አይችልም። ፈቃዱ 80 ዶላር ነው፤ ስልጠናውና ፈተናው ለብቻ ይከፈልባቸዋል። ደሴ ፖሊስ ጣቢያ መርማሪ ሆናችሁ አሥር ዓመት ብትሠሩ እንኳ የልምድ ደብዳቤው ለአሠሪ ለማሳየት ይጠቅም ይሆናል እንጂ ከ50ው ሰዓት አንዷን አይቀንስም።

ስልጠናውን ስትጨርሱ ትምህርት ቤቱ የማጠናቀቂያ ቁጥር ይሰጣችኋል። ያለዚህ ቁጥር የፈተና ቀጠሮ መያዝ አይቻልም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ «ቁጥሩን ትሰጣላችሁ?» ያማረ ሰርተፍኬት አሳይቶ ስለ ቁጥሩ የሚያድበሰብስ ካለ ጥላችሁ ውጡ።

አሁን ስም። ብዙ ሰው የሚቃጠለው በሕጉ ጥያቄ አይደለም፣ በገዛ ስሙ ነው። እንበል ሰይድ ይማም አሊ የሚባል የኮምቦልቻ ልጅ መጣ። ፓስፖርቱ ላይ «የቤተሰብ ስም» በሚለው ቦታ የገባው የአያቱ ስም አሊ ነው፤ ፒአር ካርዱም ያንኑ ቀድቷል። ትምህርት ቤቱ እንግዳ መቀበያ ላይ «የመጨረሻ ስምህ ማነው?» ሲባል፣ አገር ቤት በአባት ስም ነውና የምንጠራው፣ «ይማም» ይላል። ቁጥሩ በሰይድ ይማም ይወጣል። የፈተናው ቀን መታወቂያው አሊ ይላል፣ ቀጠሮው ይማም ይላል፣ ፈታኙም ሁለቱን ስም የሚያገናኝበት ነገር የለውም። አታስረዱት፣ አይሰማችሁም፤ ሥራውም አይደለም። የከፈላችሁትም አብሮ ሊቀር ይችላል። ከዚያ ትምህርት ቤቱ እስኪያርመው መመላለስ ነው፤ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ለማረም የሚቸኩል ትምህርት ቤት ደግሞ ብርቅ ነው። ሰይድን ራሱን የሚጽፉበት የላቲን ፊደልም ሦስት አራት ዓይነት ነው። በቃል አትንገሩ፤ ካርዱን አውጡና ከካርዱ ፊደል በፊደል ይገልበጥ፣ የተሞላውንም ቅጽ ከመፈረማችሁ በፊት እናንተው አንብቡት። የትውልድ ቀንም እንደዚሁ ነው። ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲገለበጥ ተሳስቶ ከሆነና ፒአር ካርዱ ላይ የተሳሳተው ካለ፣ እስኪታረም ድረስ ለእዚህ ጉዳይ ልደታችሁ እሱ ነው። «ትክክለኛውን ልጻፍ» ያለ ሰው ሁለት ሰው ሆኖ ይገኛል።

ፈተናው 60 የምርጫ ጥያቄ በ75 ደቂቃ ነው፤ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ። ለጥበቃ ማለፊያው 62 በመቶ፣ ለመርማሪ 77 በመቶ ነው፤ ይኸውም ከ60ው 47 መመለስ ማለት ነው። ቀላል ነው የሚሏችሁ አብዛኞቹ የጥበቃውን የተፈተኑ ናቸው። የወደቀ እንደገና ከፍሎ ይቀመጣል።

የኛ ሰው የሚሳሳትበት ጥያቄ ይታወቃል። ባለጉዳይዋ «ባሌ ከማን ጋር እንደሚያወራ ቤት ውስጥ መቅጃ ደብቅልኝ» ብትል ምን ታደርጋለህ? መልሱ እንቢ ማለት ነው። ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ እንኳ ሳይፈቅድ የግል ንግግር መቅዳት በካናዳ የወንጀል ሕግ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። አጥር ዘልሎ ፎቶ ማንሳትም ከሰው ግቢ ያለፈቃድ መግባት ነው። መርማሪ ከማንኛውም ዜጋ የበለጠ የማሰር ሥልጣን የለውም። እንደ ፖሊስ አስባችሁ ከመለሳችሁ ትወድቃላችሁ።

ሌላው የሰዓት ጉዳይ ነው። የማስታወሻ ደብተር በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ በእስክሪብቶ ይጻፋል። ጠዋት 2 ሰዓት 08:00 ነው፣ ማታ 3 ሰዓት 21:00 ነው፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት 02:00 ነው። ስህተት በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ አጠገቡ ፊርማ ይቀመጣል፣ የተሰረዘው ጽሑፍ ግን መነበብ አለበት። ማጥፊያ ቀለም የለም፣ ገጽ መቅደድም የለም። ደብተሩ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ስለሚችል አንድ የተቀደደ ገጽ የወራት ሥራ ያበላሻል።

ለአብዛኞቻችሁ ጥበቃውን አስቀድሙ እላለሁ። የመርማሪ ሥራ በፊልም እንዳያችሁት አይደለም፤ ብዙው ለኢንሹራንስ ኩባንያ «ወገቤን ተጎድቻለሁ» ያለን ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሲጠብቁ መዋል ነው። የራስ መኪና፣ መንጃ ፈቃድና ጠበቃ ፊት የማያሳፍር የእንግሊዝኛ ሪፖርት ይፈልጋል። እንግሊዝኛው ገና ከሆነ አብሽሩ፣ ሌሊት ሺፍት ላይ ሪፖርት እየጻፉ ይለመዳል።

ፈቃዱን ያገኘም የራሱን ቢሮ መክፈት አይችልም። የሚሠራው ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ ሥር ነው። ኤጀንሲ ለመክፈት ሌላ ፈቃድና ቢያንስ የ2 ሚሊዮን ዶላር የኃላፊነት ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። ቢዝነስ ካርድ ላይ «ዲቴክቲቭ» ብሎ ማሳተምም ክልክል ነው፤ «ፖሊስ» እና «ኦፊሰር»ም እንዲሁ። ሥራ ላይ ፈቃዱ ከኪስ አይለይም፣ ለጠየቀ ሰው ይታያል።

ካርዱ እጃችሁ ሳይገባ ሺፍት አትያዙ። «ፈተናውን አልፈሃል አይደል፣ እስኪመጣ በጥሬ ገንዘብ ሥራ» የሚል የአገር ልጅ አሠሪ አይጠፋም። ያለ ፈቃድ የሠራ ግለሰብ እስከ 25,000 ዶላር ቅጣት ወይም እስከ አንድ ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱም አለበት፤ የኩባንያው ቅጣት እስከ 250,000 ይደርሳል። እሱ የሚከፍለው ከኩባንያው ካዝና ነው፤ እናንተ ግን ከኪሳችሁ፣ ያውም በሚቀጥለው ማመልከቻችሁ ላይ እየተጠየቃችሁ።