«ሬቭል» ለምትሉ ወጣት አስጎብኚዎች

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ እንግዳ ይዛችሁ የምትሻገሩ ልጆች ይህን የእንግሊዝኛ ግስ (revel፣ መፈንጠዝ) ወዳችሁታል። አልፈርድባችሁም፣ አፍ ላይ ደስ ይላል። ግን አያያዙን እንወቅ።

መጀመሪያ አነጋገሩ። የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ይንካ፦ «ቭ»። ቪላን «ቢላ» እንደምንለው «ሬብል» ካላችሁ «አመፀኛ» ብላችኋል። መጨረሻውን ጎትታችሁ «ሪቪል» ካላችሁ ደግሞ «ገለጠ» ይሆናል። «ሬ»ን ጫን፣ የቀረውን ለቀቅ።

የሚገርመው፣ በ«ብ» ያለውም ከዘሩ አልወጣም። ሁለቱ ቃላት የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እናትየው የላቲኑ «ሬቤላሬ» ነው፤ ዳግም ጦር ማንሳት፣ ማመፅ። ውስጡ ያለው «ቤሉም» ጦርነት ማለት ነው። በጥንቱ ፈረንሳይኛ አመፁ ላይ ሁካታና ፈንጠዝያ ተደረበበት። በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች ሲቀበሉት ፈንጠዝያውን ይዘው አመፁን ተዉት። ከአመፅ ወደ ፌሽታ መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ስፒከር የሚጮህበት ሠርግ ጎረቤት ያደረ ሰው ይህን አያጣውም።

ግሱ ብቻውን ሲቆም ጩኸቱ አሁንም አብሮት አለ፦ መጠጥ፣ ጭፈራ፣ ሆይ ሆይታ። ቅዳሜ ማታ አዝማሪ ቤት እስክስታ ለሚመቱት ልክ ነው። ለጥምቀት ግን እባካችሁ ተዉት። ጥር 10 ታቦት አጅበው የሚወርዱትን ምዕመናን «ሬቭለርስ» ስትሉ እንግዳው የሚታየው ቢራ ነው። እዚያ «ሰለብሬት» ይበቃል።

«ኢን» ሲከተለው ረጋ ይላል። ያኔ አንድን ነገር ከልብ ማጣጣም ነው። ማለዳ ጣና ላይ ሞተሩ ሲጠፋ፣ ጸጥታው የተመቻት እንግዳ «ሬቭልድ ኢን ዘ ሳይለንስ» ትባላለች። በሰው ውድቀት ለሚደሰትም ይኸው ግስ ይሠራል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ምስጋና አይደለም።

እንስሳት ላይ ስትደርሱ ቀይሩት። ድንጋይ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ አርጃኖ «ባስክ» ያደርጋል። ጭቃ ውስጥ የሚንከባለል ጉማሬ «ዋሎው»። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ካያችሁ ግን አስቀድማችሁ ነጂው እንዳይጠጋ ንገሩት፤ ግሱ በኋላ ይደርሳል።