ተራራን በሸክላ፦ ትልልቅ ቅርጾችን ሠርቶ ለዐውደ ርዕይ ማብቃት እንዴት ይቻላል?

ከወገብ በላይ የሚደርሰውን የመጀመሪያ የሸክላ ተራራዬን የሠራሁት ሱሉልታ ባለው ግቢዬ፣ ኅዳር ላይ ነበር። በአራተኛው ቀን ከአናቱ እስከ ሥሩ ተሰነጠቀ። በእሳቱ ላይ እንዳላሳብብ ገና እሳት አልነካውም። ቀን ፀሐይ አንድ ጎኑን ስትጠብሰው፣ ሌሊት ውርጩ ርጥቡን ጎን ሲያረጋው፣ መሐሉ ላይ ተለያዩ። ትልቅ ሸክላ ባብዛኛው የሚበላሸው ሲደርቅ ነው፤ እሳቱ ቀድሞ የተበላሸውን ያጋልጣል። ስለዚህ እዚህ ስለ ማድረቅ ብዙ፣ ስለ ማስዋብ ጥቂት ታነባላችሁ።

ቦታውን ሄዳችሁ እዩት

«ተፈጥሮን እሠራለሁ» ብሎ የተነሳ ሰው መጨረሻው ቅርጽ የሌለው ጉብታ ነው። አንድ ቦታ ምረጡ። ለአዲስ አበባ ዳር ነዋሪ ምርጫው ሞልቷል፦ በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በምሥራቅ በኩል የረር፣ ሰማዩ ጥርት ሲል ደግሞ ከሩቅ ዝቋላ። እኔ ብዙ ጊዜ የምሄደው በጎጃም መንገድ ደብረ ሊባኖስ አፋፍ ላይ ነው። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እንደ እንጀራ ተነባብሮ፣ ከሥሩ ፈዘዝ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ይታያል። ያ ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ እየፈሰሰ የተደራረበ ነው። ንብርብሩን ልብ በሉት፣ ኋላ ይጠቅማችኋል።

በከሰል ንደፉት፤ ከዚያ ጀበና የምታህል ናሙና በጭቃ ሥሩ። አምባ ለጀማሪ ይመቻል፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ አናቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ራሱን ይሸከማል። ወደ ፊት የተንጠለጠለ ገደል ግን ርጥብ ሳለ ይወርዳል፤ ለሁለተኛ ሥራችሁ አቆዩት።

ጭቃው

የሱሉልታ ሜዳ ዋልካ ነው፤ አትሞክሩት። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ በበጋ ማሳው ላይ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ጭቃ ስለ መምረጥ ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች የተሻለ የሚያስተምር አላገኘሁም። ጀበናውንም ምጣዱንም ያለ መሽከርከሪያ በእጃቸው እያነሱ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። አፈሩን ከእነሱ መግዛት ይቻላል፤ ዋጋ ስትጠይቁ እግረ መንገዳችሁን ሲሠሩም ተመልከቱ።

ጭቃው ብቻውን ለትልቅ ቅርጽ አይበቃም፤ ገል ያስፈልገዋል። የተሰባበረ ጀበናና ምጣድ በሙቀጫ ወቅጣችሁ በወንፊት ንፉት፤ ዱቄቱን ጣሉት፣ የስኳር ቅንጣት የሚያህለውን አስቀሩ። ከአራት እጅ ጭቃ አንድ እጅ ገል ጥሩ መነሻ ነው። ገሉ አንዴ በእሳት ስላለፈ ዳግም አይኮማተርም፤ እንፋሎት የሚወጣበትንም መንገድ ይከፍታል። ከዚያ እንደ ቤት ጭቃ በእግር ርገጡት።

መኮማተሩንም ለኩ። በጭቃ አንድ ዘንግ ሠርታችሁ ልክ 10 ሳንቲሜትር መስመር ጫሩበት፤ ሲደርቅና ሲተኮስ መልሳችሁ ለኩት። 9.2 ከሆነ 8 በመቶ ተኮማትሯል ማለት ነው፤ እንግዲህ 138 ሳንቲሜትር የሚቆም ተራራ የፈለገ ሰው 150 አድርጎ መሥራት አለበት። ይህችን ሂሳብ የዘለለ፣ ክፍሎቹ ሲገጣጠሙ ያለቅሳል።

መቁረጥ ቀድሞ፣ ማቆም ቀጥሎ

ትልቅ ቅርጽ አንድ ወጥ ሆኖ አይሠራም። ሁለት ሰው ሊያነሳው፣ ምድጃም ሊገባ በሚችል ልክ ይከፋፈላል። 50 በ40፣ ቁመቱም 40 ሳንቲሜትር የሆነ፣ ውስጡ ባዶ ክፍል፣ የግድግዳው ውፍረት 2 ተኩል ሳንቲሜትር ቢሆን ርጥቡ 46 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከዚህ በላይ ወገባችሁ ይናገራል።

የት ነው የሚቆረጠው? ተራራው ራሱ የተከፈለበት ቦታ ላይ። የደብረ ሊባኖሱን ንብርብር አስታውሱ፦ አግድሙን መጋጠሚያ በድንጋዩ ንብርብር መስመር፣ ሽቅቡን በቦረቦሩ ውስጥ አሳልፉት። ተመልካች ስንጥቁን ያያል፣ ግን የገደሉ ነው ብሎ ያልፈዋል። በየክፍሉ ውስጠኛ ጎን ቁጥር በጥፍራችሁ ጫሩ፤ በከሰል የተጻፈ እሳት ውስጥ ይጠፋል።

አሠራሩ የጋን አሠራር ነው። ጭቃውን እንደ ወፍራም ገመድ አንከባላችሁ ዙሪያውን ትደራርባላችሁ፤ ከውስጥም ከውጭም በአውራ ጣት ወደ ታች እየጎተታችሁ ታዋህዳላችሁ። በቀን ከአንድ ስንዝር በላይ አትውጡ፤ የታችኛው ሳይጠና የላይኛው ከተጫነው ይንጋደዳል። ወደ ሌላ ቀን ሲሻገር ጠርዙን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ፣ ጠዋት በሹካ ጫሩት፣ ቀጭን ጭቃ ቀቡት፣ ከዚያ ቀጥሉ። ከሥሩ ጋዜጣ አንጥፋችሁ ጋዜጣው ላይ አሸዋ በትኑ፤ ሸክላው ሲኮማተር አሸዋው ላይ ይንሸራተታል። ወለሉን ከያዘው ሥሩ ይቀደዳል።

ማድረቅ

እዚህ ላይ ነው የምትታገሡት። ይህን ያህል ውፍረት ያለው ክፍል ቢያንስ ሦስት ሳምንት፣ ብርድና ጭጋግ ካለ አምስት ሳምንት ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ በሙሉ በላስቲክ ሸፍኑት፤ ላስቲኩን በየጠዋቱ ገልብጡት፣ የተጠራቀመው ጤዛ ይራገፍ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ከታች ትንሽ ክፈቱ። ጫፉና ጠርዙ ሁሌ ስለሚቀድም እነሱን በጨርቅ ጠቅልላችሁ አዘግዩአቸው። ነፋስም ፀሐይም ከአንድ ወገን እንዳይመታው፤ የቆርቆሮ ቤት ጥግ ከጓሮ ይሻላል። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ደግሞ ውርጭ አለ፤ ርጥብ ጭቃ ውስጥ ያለው ውሃ ከረጋ ሸክላው ይፈረፈራል። ሌሊት ብርድ ልብስ ደርቡለት።

መድረቁን እንዴት ታውቃላችሁ? ቀጨኔ አንዲት እናት ዘንድ ጀበና ልገዛ ሄጄ፣ ካልተተኮሱት አንዷን አንስተው ጉንጫቸው ላይ ለጠፏት። «ገና ይበርዳታል ልጄ፣ ተዋት» አሉኝ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የሚተን ውሃ ሙቀት ይወስዳል፣ ስለዚህ ያልደረቀ ሸክላ ከአካባቢው ይቀዘቅዛል። እኔም ከዚያ ወዲህ ጉንጬን አምናለሁ። ሰፈር ውስጥ ተራራ የሚስም ሰው ተብያለሁ።

መተኮስ

ጀበና በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ሜዳ ላይ ይተኮሳል፤ ስስ ስለሆነ እንፋሎቱ ቶሎ ይወጣል። 2 ተኩል ሳንቲሜትር ግድግዳ ግን በዚያ ፍጥነት ከተተኮሰ ይፈነዳል። በጡብ የተሠራ፣ እሳቱ ከታች የሚገባ፣ ከላይ ቀዳዳ ያለው ምድጃ ያስፈልጋል። ምድጃ ያለው ስቱዲዮ ካገኛችሁ መከራየት ይረክሳል።

እንደ ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከቆላ የመጣ መመሪያ «100 ላይ ተጠንቀቅ» የሚለው እዚህ ዘግይቷል። ከ80 ሳታልፉ ሌሊቱን ሙሉ በትንሽ እሳት አቆዩት። ቀዝቃዛ መስተዋት ከላይኛው ቀዳዳ ላይ ያዙ፤ ጉም ከቋጠረ ገና ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 600 ድረስ በሰዓት ከ50 ዲግሪ አትለፉ። 573 ላይ ጭቃው ውስጥ ያለው የኳርትዝ ቅንጣት በድንገት ይለጠጣል፤ ሲበርድም እዚያው ላይ ይኮማተራል። መለኪያ የሌለው ሰው በጨለማ ቀለሙን ይመልከት፦ ደብዛዛ ቀይ ከ600 አለፍ ሲል ነው፣ ወደ ብርቱካናማ ሲያዘነብል 900 አካባቢ ደርሷል። ቀይ ሸክላ እዚያ ላይ ይበቃዋል። ከዚያ ቀዳዳዎቹን ድፈኑና ሂዱ። በማግስቱ ጓጉቶ የከፈተ፣ «ጧ» የሚል ድምፅ ይሰማል።

ቀለም አልጠቀምም ማለት ይቻላል። አየር ያገኘ ሸክላ ይቀላል፣ ጭስ የጠጣ ይጠቁራል፤ ለገደልና ለአፈር ሁለቱ በቂ ናቸው። የተተኮሰውንና የቀዘቀዘውን ክፍል በርሜል ውስጥ በሰጋቱራ ቅበሩና ሰጋቱራውን ከላይ ለኩሱት፤ ሌሊቱን እየጨሰ ሲያድር የነካው ሁሉ ይጠቁራል።

ማሳየት

ዐውደ ርዕዩን ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ አድርጉት። በዚህ ሙቀት የተተኮሰ ሸክላ ውሃ ይመጥጣል፤ ክረምት ላይ ደጅ ማቆም ማበላሸት ነው። ክፍሎቹን በጭድ በተሞላ ጆንያ መሐል አስቀምጡ፣ ከሥር አሮጌ የስፖንጅ ፍራሽ አንጥፉ፤ የአይሱዙውን ሹፌር ኮብልስቶኑ ላይ እንዲያዘግም ቀድማችሁ ለምኑት፣ ቡናም ጋብዙት።

ከፍታው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሸለቆ ከሆነ መሬት ላይ አስቀምጡት፣ ሰው ከአፋፍ እንደሚያይ ቁልቁል ይመልከተው። ተራራ ከሆነ ብሎኬት ደርባችሁ አናቱን ከዓይን በላይ አድርሱት። መብራቱ ከጎን ይምጣ፤ ፊት ለፊት ከበራ ቦረቦሩ ሁሉ ይጠፋል። ዙሪያውን ሁለት ሰው የሚተላለፍበት ቦታ ተዉ። በክፍሎቹ መሐል ከውስጥ የጎማ ቁራጭ አስገቡ፣ በሲሚንቶ ግን አታጣብቁ፤ ነገ ደግሞ ይፈታል።

ሰው መንካት ይፈልጋል፣ ልጆችማ በተለይ። «አትንኩ» ከመጻፍ አንዲት ትንሽ ቁራጭ መግቢያው ላይ አስቀምጡላቸው። የእኔዋ ባለፈው ክረምት ደጅ ተረስታ የከረመች ኮረብታ ናት፤ በሰሜን ጎኗ የድንጋይ ሽበት በቅሎባታል፣ ልጆቹም መጀመሪያ የሚዳብሱት እሱን ነው።