ሰደድ እሳቱ የት ደረሰ? ከአራት ኪሎ ሆኖ ለመከታተል

አገር ቤት እነእማዬ አካባቢ ሰደድ እሳት ተነስቶ ስልኩ አልገባ ቢላችሁ፣ የናሳን «ፈርምስ» (FIRMS) ካርታ ክፈቱ። ነጻ ነው። ሳተላይት ሙቀት ያየበትን ቦታ በነጥብ ያሳያል።

ዋናው ዘዴ ሰዓቱ ላይ ነው። ነጥቡን ስትነኩት የሚመጣው ሰዓት ዩቲሲ (UTC፣ ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው። 3 ሰዓት ቀንሱለት፣ የእኛው ይሆናል። 10:30 ካለ ከቀኑ 7:30 ማለት ነው። ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ብንቀድምም፣ አቆጣጠራችን 6 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚል ነው። ይህን ካላወቃችሁ የቀኑን እሳት የምሽት ታደርጉታላችሁ።

አንድ ነጥብ ቢያንስ 375 ሜትር ያህል ስፋት ይወክላል፤ ቤታችን ላይ አረፈ ብላችሁ አትደንግጡ። ደመና እሳቱን ይጋርደዋል፣ መረጃውም እስከ 3 ሰዓት ያህል ይዘገያል። ስለዚህ ካርታው ባዶ ነው ብላችሁ «አይዟችሁ፣ ቆዩ» እንዳትሏቸው። ጭሱ ከቀረባቸው ይውጡ።