የድሮ የቮልስ ዕቃ ስዋፕ ሚት ላይ ለመሸጥ ለምታስቡ

ሎስ አንጀለስ አካባቢ ያላችሁ፣ ከሆነ ሽማግሌ ጋራዥ በጅምላ የገዛችሁት ወይ ራሳችሁ ያጠራቀማችሁት የድሮ ቮልስ ዕቃ ቤታችሁን ያጣበበው ካላችሁ ይቺ ለናንተ ናት። ስዋፕ ሚት ሶማሌ ተራ ማለት ነው፣ ሱቅ የለውም እንጂ፣ ሁሉም ሸራውን ሜዳ ላይ ዘርግቶ ዕቃውን ደርድሮ ለአንድ ቀን የሚሸጥበት ገበያ ነው። እኔ የምሄደው ፖሞና ከተማ፣ ፌርፕሌክስ የሚባለው የኤግዚቢሽን ግቢ ውስጥ ያለው ጋ ነው፣ በዓመት የተወሰኑ እሁዶች አለ፣ በሩ ለገዢ የሚከፈተው ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው፣ በኛው አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ በስልካችሁ 5 ይላል።

መጀመሪያ የሸጥኩ ቀን የሠራሁትን ጉድ ላውራችሁ። ስምንት ቸርኬ ነበረኝ፣ ሁሉም ባለ አምስት ብሎን፣ ሁሉም የዛገ፣ ደራርቤ አስቀመጥኩና አንዱን 20 ዶላር አልኩ። ገና ሳይነጋ አንድ ሰውዬ ግንባሩ ላይ ባትሪ አስሮ መጣ፣ ከሥር ያሉትን ሁለቱን ጎትቶ አወጣ፣ ከኪሱ ሜትር አውጥቶ ለካ፣ ገልብጦ ዝገቱን በአውራ ጣቱ ጠረግ ጠረግ አርጎ የሆነ ነገር አነበበ፣ ከዛ 40 ዶላር ቆጥሮ ሰጠኝና ሄደ። ቀንስልኝ እንኳ አላለም! እዛ ሜዳ ላይ ሳይከራከር የሚከፍል ሰው ካያችሁ ደንገጥ በሉ። ሁለቱ 16 ኢንች ነበሩ ለካ። ቮልስ ቢትል (እኛ ቮልስ ብቻ የምንላት ክቧ መኪና) ከ16 ወደ 15 ኢንች የተቀየረው በ1952 ጥቅምት ነው በፈረንጅ፣ ስለዚህ ያ ሰውዬ የወሰደው የኋላ መስታወቷ ለሁለት የተከፈለችዋን ቮልስ የሚያድስ ሰው ፈልጎ የሚያጣውን ዕቃ ነው፣ እኔ ደሞ ስንቅ ጨምሬ ልሰጠው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ስለዚህ ከመሸጣችሁ በፊት ያላችሁን ነገር እወቁ። እዛ ገበያ ላይ ብረቱ ብቻውን ዋጋ የለውም፣ ስሙንና ዓመቱን የሚያውቅ ሰው ነው ገንዘቡን የሚይዘው።

ቁጥሩን ፈልጉ። ቮልስ ዕቃው ላይ ቁጥር ይጽፋል፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ሦስት ሆኖ የተከፈለ ዘጠኝ አሃዝ፣ ለምሳሌ 113 905 205፣ መጨረሻው ላይ ፊደል ካለ የተሻሻለ ነው ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ለየትኛው መኪና እንደተሠራ ይነግሯችኋል፣ 111 ወይ 113 ካለ ቢትል ነው፣ 141 ወይ 143 ካርማን ጊያ (የስፖርት መኪና መልክ ያላት ቮልስ)፣ 211 ኮምቢ (ሚኒባሷ)፣ 311 ታይፕ 3 (ከቢትል ተለቅ ያለችዋ ቮልስ)። ግን ተጠንቀቁ፣ 113 ያለው ዕቃ ካርማን ጊያም ላይ ሊገባ ይችላል፣ ቁጥሩ መጀመሪያ ለማን እንደተሠራ ነው የሚናገረው። የመሃለኛው ሦስት መጀመሪያ ላይ ያለችው ቁጥር የዕቃውን ዘር ትነግራችኋለች፣ 1 ሞተር፣ 3 ካምቢዮ፣ 4 የፊት እግር፣ 6 ጎማና ፍሬን፣ 8 ቦዲ፣ 9 ኤሌክትሪክ። እኔ በጣም የምወዳት ደሞ የመጨረሻዋ ናት፣ ግራና ቀኝ ያለው ዕቃ ከሆነ ቁጥሩ ጎዶሎ ሲሆን ግራ ነው፣ ሙሉ ሲሆን ቀኝ። ፓራፋንጎ ይዞ ግራ ነው ቀኝ ነው እያለ የሚያገላብጥ ሰው ስታዩ ዝም ብላችሁ ቁጥሩን አንብቡለት፣ ያኔ ያምናችኋል።

ቁጥሩ በዝገት ከጠፋ ቁጠሩ፣ ለኩ። ፍላይዊል (ሞተሩና ካምቢዮው መሃል ያለው ባለ ጥርስ ክብ ብረት) ከሆነ ጥርሱን ቁጠሩ፣ 109 ከሆነ የ6 ቮልት መኪና ነው፣ 130 ከሆነ የ12 ቮልት (እዚህ አሜሪካ ቢትል 12 ቮልት የሆነው በ1967 ሞዴል ነው)። ጥርሱን ስትቆጥሩ መነሻው ላይ በጠመኔ ምልክት አርጉ፣ እኔ ሦስት ጊዜ ቆጥሬ ሦስት የተለያየ ቁጥር አግኝቼ አውቃለሁ። ቸርኬ ባለ አምስት ብሎን ከሆነ ባብዛኛው ከ68 በፊት ነው፣ ባለ አራት ከሆነ ከዛ በኋላ፣ ወርና ዓመቱም ብረቱ ላይ ተመትቶ ታገኙታላችሁ፣ ሰውዬው በአውራ ጣቱ ሲፈልግ የነበረው እሱን ነው። የኪሎሜትር መቁጠሪያ ጀርባውንም እዩት፣ VDO የሚል ከሆነ (የሠሪው ስም ነው) እዛም ወርና ዓመት አለ። ሞተር ደሞ ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ያለውን ፊደል አንብቡ፣ ዲ (D) ባለ 1200 ሲሲ ነው፣ ኤፍ (F) 1300፣ ኤች (H) 1500። ፊደሉ የሚናገረው ስለ ብሎኩ ነው እንጂ ውስጡን ማን ምን እንዳረገው እግዜር ነው የሚያውቀው፣ ስለዚህ ሞተር ስትሸጡ "ብሎኩ ይሄ ነው፣ ውስጡን አልከፈትኩም" በሉ፣ በቃ።

አሁን ስለ ስም። እኛ ካገር ቤት መካኒክ የተማርነው ስም ጣልያንኛ ነው፣ ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ማርሚታ፣ ካምቢዮ፣ ፈረንጁ ፊት ብትሉት ዝም ብሎ ያያችኋል። ግን አንዷ ጠቅማኛለች። ፍሬቻ በጣልያንኛ ቀስት ማለት ነው፣ እና የድሮ ቮልስ ፍሬቻ የእውነት ቀስት ነበር፣ በሩ አጠገብ ካለው ምሰሶ ላይ እንደ ክንድ ብቅ የሚል፣ ውስጡ መብራት ያለው። ቢጫ ፕላስቲክ ያለበት፣ ከአንድ እጅ የማይበልጥ ቀጭን ብረት ሳጥናችሁ ውስጥ ካገኛችሁ የበር ዕቃ ነው ብላችሁ እንዳትጥሉት። አሜሪካ ለሚመጡት በ1955 ነው የቀረው፣ ለአውሮፓ እስከ 60 ቆይቷል። ጥንድ ሆኖ የሚሠራ ካላችሁ ጠረጴዛው ላይ አታስቀምጡት፣ መኪና ውስጥ ይሁን፣ የጠየቀ ይጠይቅ።

ኦርጅናል ነው ወይስ በኋላ ተመሳስሎ የተሠራ የሚለው ትልቁ ጭቅጭቅ ነው። ክብደቱን እዩ፣ ኦርጅናሉ ባብዛኛው ከበድ ይላል። የመብራቱ መስታወት ላይ ሄላ ወይ ቦሽ የሚል የሠሪ ስም አለ ወይ፣ የቮልስ ምልክቷ ራሷ ተመትታበታለች ወይ። ቢትል ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 ሲመረት ስለነበር የሜክሲኮና የብራዚል ዕቃም ሞልቷል፣ መጥፎ አይደለም፣ ግን እንደ ጀርመን ዕቃ አድርጋችሁ አትሽጡት። ካላወቃችሁ አላውቅም በሉ፣ ሰዎቹ በየገበያው የሚገናኙ ናቸው፣ አንድ የዋሻችሁት ለአስሩ ያወራል።

ደሞ እባካችሁ አታጽዱ! በሽቦ ብሩሽ ፈትጋችሁ ጥቁር ስፕሬይ የነፋችሁበት ዕቃ ምን እንደደበቃችሁ ነው የሚያስጠረጥረው። ዘይት በነካ ጨርቅ ጠረግ፣ ቁጥሩ እንዲነበብ፣ አለቀ።

ሽያጩ ላይ፣ ወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ ምን እንደሆነ፣ ከስንት እስከ ስንት ዓመት እንደሚገባ፣ 6 ቮልት ይሁን 12፣ ዋጋውንም ጻፉ። መርካቶ እንደለመድነው ሦስት እጥፍ ጠርታችሁ ገዢው እስኪከራከር ብትጠብቁ አይሠራም፣ ፈረንጅ ዋጋው ካልጣመው ዞር ብሎ ይሄዳል፣ "ና እስቲ ስንት ትከፍላለህ" ብትሉትም አይመለስም። ሩብ ያህል ለመቀነስ የሚሆን ቦታ ተዉ። በጨለማ ባትሪ ይዘው የሚመጡት ነጋዴዎች ናቸው፣ መልሰው ሊሸጡት ነው የሚገዙት፣ ስለዚህ ጥሩ ዕቃችሁን እነሱ ላይ አትቸኩሉ፣ ለራሱ መኪና የሚፈልገው ሰው ከጧቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው ልጁን ይዞ ቡናውን ይዞ የሚመጣው። የአንድና የአምስት ዶላር ዝርዝር በብዛት ያዙ።

ሁለት የሕግ ነገር። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ12 ወር ከሁለት ጊዜ በላይ ከሸጣችሁ የሻጭ ፈቃድ ማውጣት አለባችሁ፣ ለፈቃዱ ክፍያ የለውም። ሻንሲ ቁጥር ያለበት ፕሌት ደሞ ከመኪናው ተነቅሎ እጃችሁ ቢገባ እንዳትሸጡት፣ አንድ ሰው ጥሩ ገንዘብ ሊሰጣችሁ ይችላል፣ ወንጀል ነው።

ከሰባት ሰዓት በኋላ ገዢው ይሳሳል፣ ሁሉም ጭኖ ላለመመለስ ሲል እርስ በርስ መለዋወጥ ይጀምራል። ዞር ዞር በሉ ያኔ። እኔ ማንም ያልገዛኝን የ6 ቮልት ዲናሞ ለጎረቤቴ ሰጥቼ ለራሴ ቮልስ ፓራፋንጎ ያመጣሁት በዛ ሰዓት ነው፣ ሰውዬው ቀኝ ነው ብሎ ይምላል፣ እኔ ግን ቁጥሩን አይቼዋለሁ፣ ጎዶሎ ነበር።