ሬጉላር አመልክታችሁ መልሱ ቀድሞ ሲመጣ

ከሁሉ በፊት ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡት። ታናሽ ወንድሜ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ አንብቦ ነው እየጮኸ ከመኝታ ቤት የወጣው። ወሩ የካቲት ነበር። ያመለከተው አሜሪካ ላሉ ኮሌጆች፣ በሬጉላር ዲሲዥን (በመደበኛው የማመልከቻ ዙር) ስለሆነ መልስ የምንጠብቀው ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ነው። እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው። ግንፍሌ ያለው ኮንዶሚኒየማችን ደረጃ በጎረቤት ሞላ። እኔ አካውንታንት ነኝ፤ ስልኩን ተቀብዬ ደብዳቤውን እስከ ታች አነበብኩት። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ይፋዊው ደብዳቤና የገንዘብ ድጋፉ ውሳኔ በመጋቢት እንደሚመጣ ይናገራል። ስለ ገንዘብ አንድም ቁጥር የለም። ያ ቁጥር እስኪመጣ ድረስ፣ ከመጣም በኋላ ቤተሰብ ምን ቢሠራ እንደሚጠቅም ልንገራችሁ።

እንዲህ ቀድሞ የሚላከው ደብዳቤ ላይክሊ ሌተር ይባላል። ስምንቱ የአይቪ ሊግ ዩኒቨርሲቲዎችም፣ አነስ ያሉ የሊበራል አርትስ ኮሌጆችም አጥብቀው ለሚፈልጓቸው አመልካቾች ይልካሉ። ጎበዝ ተማሪ ብዙ ቦታ እንደሚያመለክት ያውቃሉ፤ ሌሎቹ ሳይቀድሟቸው ልቡን መያዝ ይፈልጋሉ። አነጋገሩ ለስለስ ያለ ቢሆንም፣ ውጤታችሁና ጠባያችሁ እንደነበረ ከቀጠለ በተግባር እንደ ቅበላ የሚቆጠር ነው። አንዳንዱ ኮሌጅ ደግሞ ዋናውን የቅበላ ደብዳቤ ራሱን ቀድሞ ይልካል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለዩ። ከዚያ ተደሰቱ፤ ትልቅ ነገር ነው። እኛ ቤት ዐቢይ ጾም ገብቶ ስለነበር ዶሮ አልተሠራም። ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻ ተበተነ፣ አባዬ ቆሞ መረቀ።

ምርቃቱ ካለቀ በኋላ ደብዳቤው እውነተኛ መሆኑን አረጋግጡ። ኢሜይሉ ውስጥ ያለውን ሊንክ ተጭናችሁ አትግቡ። የኮሌጁን አድራሻ ራሳችሁ ጽፋችሁ ፖርታላችሁን፣ ማለትም ማመልከቻችሁን የምትከታተሉበትን ገጽ፣ ክፈቱ። ፖርታሉ ላይ ምንም ካላያችሁ አትደንግጡ፤ ላይክሊ ሌተር እዚያ ላይወጣ ይችላል። ያን ጊዜ ከኮሌጁ ዌብሳይት ላይ የአድሚሽን ቢሮውን ኢሜይል ወስዳችሁ ጠይቁ። ቦታ እንዲያዝላችሁ ዛሬውኑ ገንዘብ ላኩ የሚል ካለ ሌባ ነው። ደብዳቤውን ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ መለጠፍም ይቅር። ስምና የማመልከቻ ቁጥር ያለበት ወረቀት ነው። ለእኛም ወሬው ገና ሳይበርድ «ጉዳዩን እኛ እንጨርስላችኋለን» ብሎ የደወለ ሰው ነበር። የምትጨርሱት እናንተው ናችሁ። ለዚህ ሥራ ደላላ አያስፈልግም።

ደብዳቤውን ለፈረመው ኦፊሰር አጭር ምስጋና ጻፉ። እንደተደሰታችሁ፣ ከትምህርቱ ምን እንደሳባችሁ፣ የገንዘብ ድጋፍ ውሳኔውን እንደምትጠብቁ ብትገልጹ ይበቃል። እመጣለሁ ብላችሁ ቃል አትግቡ። ሬጉላር ዲሲዥን እንደ ኧርሊ ዲሲዥን (ቀድመው አመልክተው ከተቀበሏቸው የግድ እንደሚገቡበት ዙር) አያስርም፤ እስከ ሜይ 1 ድረስ የመምረጥ መብት አላችሁ። ስለዚህ የሌሎቹን ኮሌጆች ማመልከቻ አሁን አትሰርዙ። የጎደለ ሰነድ ካላቸውም አሟሉላቸው። ቀድሞ የተቀበላችሁ ኮሌጅ የተሻለ ገንዘብ የሚሰጣችሁ ላይሆን ይችላል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው።

የድጋፍ ደብዳቤው ሲደርስ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ከልጁ ጋር ተቀመጡ። ለምሳሌ ያህል ኮሌጁ የዓመቱን ወጪ 90,000 ዶላር አድርጎ ገመተ እንበል። 82,000 ግራንት፣ ማለትም የማይመለስ ድጋፍ፣ ሰጠ። 2,800 ልጁ ካምፓስ ውስጥ ሠርቶ ያገኛል አለ። 2,000 ቤተሰብ ይክፈል አለ። ደምሩት፤ 86,800 ነው። የቀረውን 3,200 ዶላር ማን ይከፍላል? ደብዳቤው ዝም ካለ መጠየቅ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። የካምፓስ ሥራው 2,800ም ነሐሴ ላይ እጃችሁ የሚገባ ገንዘብ አይደለም። ልጁ እየሠራ ቀስ በቀስ የሚከፈለው ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሂሳብ ደግሞ ከዚያ በፊት ይመጣል።

ቀጥሎ እነዚህን በኢሜይል ጠይቁ፣ መልሱንም አስቀምጡ። የጤና መድኑ ግምቱ ውስጥ አለ ወይስ ለብቻው ይከፈላል? የአውሮፕላን ትኬትስ? ዶርም በዕረፍት ጊዜ ሲዘጋ ልጁ የት ያድራል፣ ምግቡስ? ግራንቱ ለአራቱም ዓመት ነው? የትምህርቱ ዋጋ በየዓመቱ ሲጨምር ግራንቱ አብሮ ይጨምራል? ወንድሜ «እንዲህ ስጠይቃቸው ሐሳባቸውን ቢቀይሩስ?» ብሎ ፈርቶ ነበር። አይቀይሩም። እነዚህን ጥያቄዎች መመለስ የፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮው የዕለት ሥራ ነው።

አሁን ደግሞ ማንም ቀድሞ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ፤ ታክስ። በአሜሪካ ሕግ ለትምህርት ክፍያና ለግዴታ መጻሕፍት የዋለው ግራንት ታክስ የለበትም። ለመኝታና ለምግብ የዋለው ግን አለበት። ኤፍ-1 ቪዛ ካለው የውጭ ተማሪ ላይ በዚያ ድርሻ 14 በመቶ ይያዛል። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር ከዚህ የሚያድን የታክስ ስምምነት የላትም። ግራንቱ ለመኝታና ለምግብ 18,000 ዶላር ከሸፈነ ተያዡ 2,520 ዶላር ነው። በማግስቱ ዓመት ታክስ ሲያሳውቅ የሚመለስለት ሊኖር ይችላል፤ ሂሳቡ ግን ቀድሞ ይመጣል። ይህን ታክስ ራሳቸው የሚሸፍኑ ኮሌጆች አሉ። የእናንተ ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ፤ ካልሸፈነ ከላይ ያለው ድምር ላይ ጨምሩት። ወንድሜን የተቀበሉትን ሁለት ኮሌጆች ጎን ለጎን አስቀምጬ ስሠራው፣ በግራንት የሚበልጠው ኮሌጅ ታክሱና መድኑ ሲታከልበት ለቤተሰብ የበለጠ የሚከብድ ሆኖ ተገኘ።

ቁጥሩ ከአቅም በላይ ከሆነ አቤቱታ ጻፉ። ልመና አይደለም፤ ሰነድ ያለው ማስረዳት ነው። የወላጅ የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ሌሎች ልጆች የሚማሩበት ክፍያ፣ የሚጦሩ አያት ካሉ እሱም ይግባ። በሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መውጣቱን ኮሌጁ በቤታችሁ ገቢ ላይ አስልቶ ላያየው ይችላል። የአባትን ደመወዝ በዕለቱ የባንክ ተመን ወደ ዶላር ቀይራችሁ በአንድ መስመር አሳዩ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሲያመለክቱ «የገንዘብ ድጋፍ አልፈልግም» ብለው የሞሉ የውጭ ተማሪዎች በኋላ ቢጠይቁ ብዙ ኮሌጆች አይቀበሏቸውም።

ቀድሞ የመጣ መልስ የሚሰጣችሁ ትልቁ ነገር ጊዜ ነው። ፓስፖርት ከሌለ ወይም ሊያልቅ ከተቃረበ በዚያው ሳምንት ጀምሩ። ማመልከቻው ላይ የአባት ስም ብቻ ሞልተው ፓስፖርታቸው ላይ የአያት ስም ያለባቸው ብዙ ናቸው። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል በፊደል ካልተመሳሰለ አይ-20 ከመሠራቱ በፊት ለኮሌጁ ተናገሩ። አይ-20 የሚባለው ኮሌጁ ለቪዛ የሚሰጣችሁ ወረቀት ነው። ምን ያህሉ በኮሌጁ፣ ምን ያህሉ በቤተሰብ እንደሚሸፈን በቁጥር ይሰፍርበታል፤ የባንክ ማስረጃ የሚጠየቀውም ለዚህ ነው። ከዚያ የሴቪስ (የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎች መዝገብ) ክፍያ 350 ዶላር፣ የቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር ይከፈላል። ሴቪሱን ውጭ ያለ ዘመድ በካርድ ሊከፍልላችሁ ይችላል። ቀጠሮው ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወስደው መንገድ ባለው ኤምባሲ ነው። አራት ኪሎ ካሉት ኮፒ ቤቶች የሁሉንም ሰነድ ሁለት ሁለት ኮፒ አስነሡ፣ ስካን አድርጋችሁም ኢሜይላችሁ ውስጥ አኑሩ።

ልጁ ደግሞ ትምህርቱን እንዳያላላ። ኮሌጁ የመጨረሻውን ትራንስክሪፕት ያያል፤ ውጤት በጣም ከወረደ ቅበላውን ሊሰርዝ ይችላል። ወንድሜ ደብዳቤው ከመጣ በኋላም አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ፊዚክሱን ያጠና ነበር። ማትሪክም አይናቅ። ቪዛ ቢከለከል ያለው ሌላ መንገድ እሱ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ብዙ ተማሪ የሚፈተነው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ገብቶ ነው፤ ስልክም አይዝም። የቪዛ ቀጠሮ ስትይዙ ያንን ሳምንት ተጠንቀቁ።

ክፍል ውስጥ መልስ የሚጠብቁ ጓደኞች እንዳሉም አስታውሱት። ብዙዎቹ የሚያውቁት በመጋቢት ነው። ውሳኔ በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ሲወጣ አዲስ አበባ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሆናል፤ ያን ሌሊት ሳይተኙ የሚያነጉ ልጆች ናቸው። ወንድሜ ለቅርብ ጓደኛው ብቻ ነግሮ ሌሎቹ መልሳቸውን እስኪያገኙ ዝም አለ። ኮራሁበት።

መወሰኛው ቀን ሜይ 1 በእኛ ሚያዝያ 23 ነው። የሠራተኞች ቀን ስለሆነ ባንክ ዝግ ነው። የጊዮርጊስ ዓመታዊ ክብረ በዓልም ስለሆነ ፒያሳ አካባቢ መንገዱ ይጨናነቃል። የቦታ መያዣ ክፍያ ካለ ከዚያ በፊት ጨርሱ። አቅም ከሌለ ክፍያው እንዲነሣላችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ኮሌጆች ያነሣሉ። ሰዓቱ በምሥራቅ አሜሪካ በእነሱ አቆጣጠር 11:59 ምሽት ከሆነ እዚህ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 24 ከንጋቱ 12:59 ነው፤ እስከዚያ ግን አትጠብቁ። ከወሰናችሁ በኋላ ለቀሩት ኮሌጆች እንደማትመጡ በዚያው ቀን ጻፉላቸው። ተጠባባቂ መዝገብ ላይ ያለ ልጅ ያንን ቦታ እየጠበቀ ነው።