በግላቸው የሚሠሩ የዲጂታል ማርኬቲንግ ባለሙያዎች በጅማ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጅማ በግሉ የሚሠራ የዲጂታል ማርኬቲንግ ባለሙያ ሙያውን የሚቀስመው ብዙ ጊዜ ከዩቲዩብና ከአጫጭር ሥልጠናዎች ነው። ፔጅ መክፈት፣ ምስል ማሳመርና ማስታወቂያ ቡስት ማድረግ (ከፍሎ ለብዙ ሰው እንዲታይ ማድረግ) በዚህ መንገድ በደንብ ሊለመድ ይችላል። የሚያስቸግረው ከደንበኛ ጋር የሚደረገው ስምምነትና የሥራው ውጤት የሚለካበት መንገድ ነው፤ ከዚህ በታች የተነሱት ስህተቶችም አብዛኞቹ ከእነዚህ ከሁለቱ የሚመነጩ ናቸው።

ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ስህተት የሥራውን ወሰን ሳይነጋገሩ መጀመር ነው። ጅማ ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ በመሆኗ ደንበኛው የጎረቤት ልጅ፣ የአባት ወዳጅ ወይም የክፍል ጓደኛ ወንድም ሆኖ ይገኛል፤ «አንተ ልጃችን አይደለህ፣ ጀምረውና በኋላ እንነጋገራለን» ሲባልም የገንዘብን ነገር ማንሳት ነውር ይመስላል። በሳምንት ሦስት ጽሑፍ ለማውጣት በተጀመረው ሥራ ላይ ግን ቀስ በቀስ ፎቶ ማንሳት፣ ባነር መሥራት፣ ሌሊት ለኢንቦክስ መልስ መስጠት፣ አልፎ ተርፎም የባለሱቁን ስልክ ማስተካከል ይጨመርበታል። በወር ስንት ጽሑፍ እንደሚወጣ፣ ፎቶውን ማን እንደሚያነሳ፣ ለጠያቂዎች ማን እንደሚመልስ፣ አንድ ሥራ ስንት ጊዜ እንደሚታረምና ክፍያው መቼ እንደሚፈጸም በአንድ ገጽ ጽፎ መፈራረም ዝምድናን አያፈርስም፤ በኋላ ከሚመጣ ቅሬታ ይጠብቀዋል እንጂ።

በዚሁ ወረቀት ላይ ለብቻው ሊጻፍ የሚገባው የማስታወቂያ ገንዘብ ነው። የፌስቡክ ማስታወቂያ በአብዛኛው የሚከፈለው የውጭ ክፍያ በሚፈጽም ካርድ ስለሆነና ብዙ ነጋዴ ይህ ካርድ ስለሌለው፣ ባለሙያው ገንዘቡን በብር ተቀብሎ ራሱ ወይም በሌላ ሰው በኩል ይከፍላል። ደንበኛው በቴሌብር አንድ ጊዜ የላከው ብር የሙያ ዋጋና የማስታወቂያ ወጪ ተቀላቅሎበት ከሆነ፣ ሁሉም ወደ ባለሙያው ኪስ የገባ ስለሚመስለው በሚቀጥለው ወር ዋጋ እንዲቀነስለት ይጠይቃል። ሁለቱን ለያይቶ መቀበልና የማስታወቂያውን ደረሰኝ በየጊዜው መላክ ይህን ጥርጣሬ ከሥሩ ያጠፋዋል። የማስታወቂያው ገንዘብ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አስቀድሞ ሊከፈል ይገባዋል፤ በዱቤ ማስታወቂያ የሚያስኬድ ባለሙያ ለነጋዴው አበዳሪ ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ስህተት ላይክን እንደ ውጤት ማቅረብ ነው። የጅማ የእንጨት ሥራ በአገሩ ሁሉ የታወቀ በመሆኑ የባለ ሦስት እግር በርጩማ ፎቶ ላይክ ለመሰብሰብ አይቸገርም፤ ይሁን እንጂ ላይክ ያደረገው ሰው አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ከሆነና ሱቁ ዕቃ የመላክ አገልግሎት ከሌለው ባለሱቁ አንድም በርጩማ አልሸጠም። ቡስት የሚለውን ቁልፍ ብቻ ተጭኖ መላ ኢትዮጵያን መምረጥ የዚህ ስህተት ዋና ምንጭ ነው፤ ማስታወቂያውን በጅማ ከተማና በዙሪያዋ፣ ገበያው የሚደርስ ከሆነም እስከ አጋሮና ሊሙ ገነት መወሰን ይቻላል። ከዚያ በኋላ የሚለካው ስንት ሰው እንደ ደወለ፣ ስንቱ ዋጋ እንደ ጠየቀና ስንቱ እንደ ገዛ ነው። ይህን ለማወቅ የተራቀቀ ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ ለማስታወቂያው ብቻ የሚውል ስልክ ቁጥር መያዝ፣ ወይም ሻጩ የመጣውን ሁሉ «የት አይተውን ነው?» ብሎ በደብተር እንዲመዘግብ ማድረግ ይበቃል። ሻጩ መመዝገብ እንደሚሰለቸው የታወቀ ስለሆነ በየሳምንቱ ሄዶ ደብተሩን ማየት የባለሙያው ሥራ ነው።

«ዋጋ በኢንቦክስ» ብሎ መጻፍም ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው። ነጋዴው ተፎካካሪው ዋጋውን እንዳያውቅበት ይሰጋል፤ ሆኖም ተፎካካሪው አንድ ሰው ልኮ ሊጠይቅ ይችላል፣ ገዢው ግን ሳይጠይቅ ያልፋል። የእንጨትና የብረት ዋጋ በሚለዋወጥበት ጊዜ ቁርጡን መጻፍ ካላመቸ «ከዚህ ብር ጀምሮ» ማለት ይቻላል።

ከኢንተርኔት የተወሰደ ፎቶ መለጠፍ ከዚህ የከፋ ነው። ውጭ አገር የተሠራ የሳሎን ሶፋ ፎቶ አይቶ ያዘዘ ደንበኛ፣ ሠሪው ያንን ጨርቅና ያንን እንጨት ስለማያገኝ ሌላ ዕቃ ይረከባል፤ ጠቡም ከሱቁ አልፎ ኮሜንት ላይ ይወጣል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ስለሚከለክል ነገሩ በሥነ ምግባር ጉድለት ብቻ የሚታለፍ አይደለም። በሠሪው በራሱ ግቢ፣ በጠዋት ብርሃን በተራ ስልክ የተነሳው ፎቶ ቢያንስ እውነት ነው።

የቋንቋ ጉዳይ በጅማ ልዩ ክብደት አለው። ገበያተኛው አፋን ኦሮሞና አማርኛ የሚናገር ሆኖ ሳለ በአማርኛ ብቻ መጻፍ ብዙ ገዢ ያስቀራል። ሆኖም በማሽን የተተረጎመ አፋን ኦሮሞ መለጠፍ ጨርሶ ካለመጻፍ የሚሻል አይመስለኝም፤ አንባቢው ባዳነቱን ከመጀመሪያው መስመር ያውቀዋል። ቋንቋው አፉን የፈታበት ካልሆነ ባለሙያው ጸሐፊ ፈልጎ ሊከፍለው፣ ወጪውንም በዋጋው ውስጥ ሊያካትተው ይገባል።

የደንበኛን ፔጅ ወይም ቻናል በራስ ስልክ ቁጥር መክፈት በመለያየት ቀን ጠብ ያመጣል። ንብረቱ የደንበኛው ስለሆነ በእሱ ስም ተከፍቶ ባለሙያው በአስተዳዳሪነት ቢጨመር ይሻላል። በስልክ የሚመጣው የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም እንደማይሰጥ ለደንበኛው ማስረዳትና ባለ ሁለት ደረጃ ጥበቃውን (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) አብሮት ማብራትም ከመጀመሪያው ቀን ሥራ ሊቆጠር ይገባዋል።

ጊዜን በተመለከተ የሚፈጸመው ስህተት ቀላል ቢመስልም ተደጋጋሚ ነው። ደንበኛው «ማታ ሁለት ሰዓት ይውጣ» ሲል የፌስቡክ ሰዓት 20:00 ሊሞላ ይገባል፤ የውጭ አገር ደንበኛ ያለው ሰው ደግሞ ቀኑንም ሰዓቱንም በሁለቱም አቆጣጠር ቢጽፍ አይሳሳትም። ወቅትም እንደዚሁ ነው፤ በረመዳን ሰው ስልኩን የሚያየው ከኢፍጣር በኋላ ሊሆን ስለሚችል የጽሑፉ ሰዓት መሸጋሸግ አለበት። ቡና በሚለቀምባቸው ወራት በገበሬውና በነጋዴው እጅ ብር ስለሚገባ፣ የቤት ዕቃ ሱቆችን ማስታወቂያ ከጥቅምት በፊት ማዘጋጀት ይጠቅማል። መብራትና ኢንተርኔት ሊቋረጥ ስለሚችልም የሳምንቱን ጽሑፍ አስቀድሞ ጽፎ ሰዓት መሙላት እንጂ በዕለቱ መጠበቅ አያዋጣም።

በመጨረሻም በአንድ ሰፈር ያሉ ሁለት ተፎካካሪዎችን በድብቅ ማገልገል በትንሽ ከተማ ውስጥ አይዘልቅም። የአንዱን የሽያጭ ደብተር የሚያይ ሰው ለሌላው ዋጋ ሲያማክር፣ ሳያስበውም ቢሆን የሰማውን ይዞ መሄዱ አይቀርም። ለሁለቱም አስቀድሞ መናገር፣ አለዚያ አንዱን መምረጥ ያስፈልጋል፤ «ለእኔ ብቻ ሥራልኝ» የሚል ደንበኛ ካለም፣ ባለሙያው በእሱ ምክንያት የሚተወውን ገቢ አስልቶ ዋጋውን ከፍ ማድረግ ይችላል።